ቀለም የማይበላ ሳሙና ፍለጋ

አዳማ ላይ ልብስ ማድረቅ አያስቸግርም። ጠዋት የተሰጣ ወፍራም ጂንስ ለምሳ ይደርሳል፤ ነፋሱ ከበረታ ደግሞ ከዚያም በፊት። በከተማዋ ዙሪያ ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች፣ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት፣ የዚህ ነፋስ ምስክሮች ናቸው። ጣጣው የሚመጣው ልብሱ ከገመድ ሲወርድ ነው። ሰማያዊው ሸሚዝ ትከሻው ላይ ወይቧል። ጥቁሩ ሱሪ ጉልበቱ ላይ አመድ መስሏል። ገና አዲስ የሆነው ቲሸርት ከሰልባጅ ቦንዳ የወጣ ይመስላል። ሰው ሁሉ ሳሙናውን ይረግማል፤ በነጋታው ሱቅ ሄዶ ሌላ ዓይነት ይገዛል፤ ያም ያው ይሆናል።

የእህቴ ልጅ የኢሬቻ ልብስ እስኪበላሽ ድረስ ነገሩን እንዲህ ጠጋ ብዬ አላየሁትም ነበር።

ልብሱ ያምራል። ነጭ ጥጥ ነው፤ ደረቱና ጫፉ ላይ ሰፊ ቀይና ጥቁር ጥለት፣ እጅጌው ላይ ደግሞ ቀጭን ጥቁር ጥለት አለው። መስከረም ማብቂያ ላይ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ያን ቀን ዓይን እስኪያይ ድረስ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ነው። ልጅቷም ልብሷን ለብሳ፣ እርጥብ ሣር ይዛ ወረደች፤ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍታ፣ ዘምራ፣ ደስ ብሏት ተመለሰች። ስትመለስ የልብሱ ጫፍ ጭቃ ነክቶታል፣ ወገቡ ላይ የሣር አረንጓዴ አርፎበታል፣ ደረቱ ላይ ለስላሳ ፈስሶበታል። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ባቱ ላይ የአጎቷ ልጅ ሠርግ አለ። የሚለበሰው ይኸው ልብስ ነው፤ ሌላ ማሰፊያ ጊዜም ገንዘብም የለም።

እህቴ ልብስ ማጠብ ታውቅበታለች። ማታ ሳፋ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ጨምራ፣ ዱቄት ሳሙና በትና ዘፈዘፈችው፤ ሐሳቧ ትንሽ ቆይቶ አሽታ ልታለቀልቀው ነው። እጅጌዋን ሰብስባ ልትጀምር ስትል ቧንቧው ጉርር አለና አየር ብቻ ተፋ። ሮቶው ባዶ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችው ለወጥና ለመጠጥ ናት። ሌሊት ይመጣል ተባለ። እህቴ እየተነሳች ቧንቧውን ስትከፍትና ስትዘጋ አደረች፤ ውሃው አልመጣም።

ጠዋት ደውላልኝ ስሄድ አረፋው ሮዝ ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ የከርከዴ መልክ ይዟል። ልብሱን በሁለት እጇ አንስታ ስትዘረጋው ዝም ብለን አየነው። ነጩ እኩል ቢቀላ እንኳ ይሻል ነበር። የታጠፈበት ቦታ ሁሉ ቀይ መስመር ሠርቷል፤ ጥለቱ የተደገፈበት የጀርባው ጨርቅ ላይ ደግሞ የጥለቱ ምስል ተገልብጦ ታትሟል። እያንዳንዷ የአልማዝ ቅርጽ ከነጥርሷ ትታያለች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ውስጥ ገባች።

ግቢው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዷ ጨው ጨምሩበት አለች፣ ሌላዋ አቼቶ አለች። ሁለቱም ምክሮች አገር ሙሉ የሚነገሩ ስለሆኑ ዝም ብዬ አላልፋቸውም። ጨው ጨርቅ በሚነከርበት ፋብሪካ ትልቅ ሥራ አለው፤ ቀለሙን ከውሃው ወደ ጥጡ ይገፋል። ተነክሮ ያለቀ ልብስ ላይ የሚነሰነስ እፍኝ ጨው ግን ቀለሙን ከክሩ ጋር አያስረውም። አቼቶም እንደዚያው ነው። ሱፍና ሐር በአሲድ በሚነከሩባቸው ቀለሞች ላይ ይሠራል፤ ጥጥ ላይ ቀለም አይቆልፍም። መጨረሻ ላይ በሚለቀለቅበት ውሃ ትንሽ ጠብ ቢደረግ ልብሱ ላይ የቀረውን የሳሙና ሶዳ ስለሚያረክስ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበት።

ሦስተኛዋ መካሪ ከፊት ለፊት ያሉት እናት ነበሩ፤ በቅን ልብ በረኪና ይዘው መጡ። «እጅጌውን ብቻ ነካ ላድርገው የኔ ልጅ፣ ጥለቱ ጋ አልደርስም» አሏት እህቴን። በሲኒ ውሃ ውስጥ በረኪናውን ጠብ አድርገው፣ በጥጥ ነካ ነካ አደረጉት። ሮዙ ወዲያው ጠፋ፤ እሰየው አልን። ይሁን እንጂ እርጥበቱ ክሩን ተከትሎ ሄደና ጥቁሩ ጥለት ጋ ደረሰ። ጥቁሩ ዓይናችን እያየ የዛገ ቆርቆሮ መልክ ያዘ። ሴትዮዋ ደነገጡ፤ እህቴ እሳቸውን ማጽናናት ያዘች።

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። እንደ ሳሙና ቆሻሻውን ከክሩ አላቅቆ አያወጣም፤ ቀለሙን ራሱን ይሰብረዋል። የሣር አረንጓዴ ይሁን የጥለት ጥቁር ለእሱ ልዩነት የለውም። የልብስ ጥቁር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተለያዩ ቀለሞች የተቀመመ ስለሆነ፣ ቶሎ የሚሰበረው ሲጠፋ የሚቀረው ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው ሳሙና የለም። በረኪና ለነጭ አንሶላና ለመጸዳጃ ቤት ይቅር፤ ባለቀለም ልብስ ካለበት ሳፋ አጠገብ ባይቀመጥ ይሻላል።

እኔ ወደ ሱቅ ወጣሁ። ፍራንኮ ሰፈር ካለች ትንሽ ሱቅ ጀመርኩ። ኦሞው፣ ሮሉ፣ አሪኤሉ በሳሼ በሳሼ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ አጃክስና ቢ 29 ሳሙና ተደርድሯል።

«ለቀለም ልብስ የሚሆን ዱቄት ሳሙና አለህ?»

«አለ ጋሼ። ይኸኛው ኃይለኛ ነው፣ የሚያነጣው ንጣት ልዩ ነው።»

«ነጭ አይደለም የማጥበው፣ ቀለም ያለው ነው።»

«ለሁሉም ይሆናል ጋሼ።»

ልጁ አልዋሸኝም፤ ዱቄቱ በእርግጥም ለሁሉም ተብሎ የተሠራ ነው። ግን የሚሸጥበት ቃል ንጣት ነው፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ የማያነጣ ነው። ከሱቅ ሱቅ ስዞር የሰማሁት መልስ ይኸው ነበር። ገዢውም የሚጠይቀው «ኃይለኛው የቱ ነው?» ብሎ ነው፤ ሻጩም ለዚያው ጥያቄ ይመልሳል።

ዱቄት ሳሙና ውስጥ ምን አለ? መጀመሪያ ቅባትና አቧራን ከክር የሚያላቅቀው ዋናው አጣቢ አለ። ከዚያ ሶዳ አሽ አለ፤ ውሃውን ያለሰልሳል፣ ቅባት ይፈታል፣ ግን ውሃውን ወደ ሶዳነት ይገፋዋል፤ በደንብ ያልታሰረ ቀለም ደግሞ በሶዳ ውሃ ውስጥ ሲቆይና ሲሞቅ ይለቃል። አንዳንዱ ዱቄት ኦክስጅን የሚያወጣ ማንጫ አለበት። በረኪናን ያህል ባይከፋም፣ ደጋግሞ ቀለም ላይ ሲያርፍ ያደበዝዛል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ለዓይን የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን የሚመልስ ማድመቂያ ነው። ነጭ ሸሚዝ ፀሐይ ላይ ቦግ የሚለው በእሱ ነው። ይህ ማድመቂያ ቆሻሻ አያወጣም፤ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ክሬም፣ ካኪና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ልብስ ላይ ሲለጠፍ መልካቸውን ይቀይራል። ካኪ ሱሪው ለምን ሌላ ዓይነት ሆነ የሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ አለ።

ለቀለም ልብስ ተብሎ የሚሠራው ሳሙና ጥቅሙ በሌለው ነገር ነው፤ ማንጫ የለውም፣ ማድመቂያ የለውም። ከተጨመረበትም ሁለት ነገር ሊኖረው ይችላል። አንደኛው የለቀቀውን ቀለም ውሃው ውስጥ ይዞ ወደ ሌላው ጨርቅ እንዳይሄድ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛው ሴሉሌዝ የሚባል ኢንዛይም ሲሆን ጥጥ ላይ የሚነሳውን ጸጉር ይላጫል። ጥቁር ቲሸርት ግራጫ የሚመስለው ሁልጊዜ ቀለሙ ስለወጣ አይደለም፤ ፍትጊያው ያስነሳው ደቃቅ ጸጉር ብርሃን ስለሚበትን ነው። ይህን ሳውቅ ብዙ ነገር ገባኝ። ልብስ ገልብጦ ማጠብ የሚመከረውም ለዚሁ ነው፤ ጸጉሩ በውስጥ በኩል ይነሳ።

እንዲህ ያለውን ሳሙና ያገኘሁት አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው፤ ካርቶኑ ከውጭ የመጣ፣ ጽሑፉ ደቃቅ፣ በእኛ ቋንቋ አንድም መስመር የሌለበት፣ ዋጋው የሳሼውን ብዙ እጥፍ። አጠገቡ ፈሳሽ ሳሙና ነበር። ኦክስጅን ማንጫ ፈሳሽ ውስጥ ስለማይቆይ አብዛኛው የልብስ ፈሳሽ ሳሙና የለበትም፤ ዋጋውም ይቀርባል። ፈሳሹን ያዝኩ።

ከመመለሴ በፊት አንድ ላውንደሪ ጎራ አልኩ። ሰውዬው ሽማግሌ ናቸው፤ ታሪኩን አስጨረሱኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«አድርቃችሁታል?»

«ገና እርጥብ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዳታደርቁት። ካውያም እንዳይነካው። የወረደ ቀለም እርጥብ እያለ ነው የሚለመነው።»

ከዚያ ከኪሳቸው ነጭ ጨርቅ አውጥተው፣ ባጠገባቸው ካለው ውሃ ነክረው፣ ሊጠግኑት ከያዙት የሌላ ሰው ነጠላ ጥለት ጀርባ ላይ አኖሩትና በካውያ ተጫኑት። እንፋሎቱ ሲነሳ ጨርቁን ገለጡት። አረንጓዴና ቢጫ መስመር ታትሞበታል። «ይኸ ልብስ ብቻውን ነው የሚታጠበው» አሉና ጥግ አስቀመጡት። የቀለም ምርመራ ማለት ይኸው ነው። ፋብሪካዎችም በመሠረቱ ይህንኑ ነው የሚያደርጉት። ባለቀለሙን ጨርቅ ከነጭ ጋር ሰፍተው ያጥቡታል፤ ነጩ ምን ያህል እንደጠጣ አይተው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጡታል፤ 5 ያልለቀቀ ነው። ለፀሐይ ደግሞ ሌላ መለኪያ አለ፤ ከ1 እስከ 8። ከ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዓይነት ቦታ ውስጥ ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ገዢው ይህን ነጥብ ይጠይቅበታል። ገበያ ላይ በጥቅልል የምንገዛውን ቀይ ክር ነጥቡን የሚጠይቅለት የለም።

ቤት ስደርስ ውሃው አሁንም የለም። ልብሱ እንዳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ታስሯል። ሠርጉ እየቀረበ ነው። እህቴ ወሰነች፤ ባቱ ዘመድ ቤት ቀድመን እንሂድና እዚያ እንጠበው።

ሞጆ ወርደን፣ ቆቃንና መቂን አልፈን ሄድን፤ ፌስታሉ እህቴ ጭን ላይ። መንገድ ላይ ደጋግሜ የማስበው ስለ ውሃው ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙው የጉድጓድ ውሃ ካልሲየሙ ያነሰ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔቱና ፍሎራይዱ የበዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው ፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ መንደሮችና በሌሎች የሸለቆው ቦታዎች ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። የተበለዘው የልጆች ጥርስ ይመሰክራል፤ ይህ ከየትኛውም ልብስ የሚበልጥ ጉዳይ ነው፣ ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም። ፍሎራይዱ ልብስ አይጎዳም። ባይካርቦኔቱ ግን ውሃውን ገና ሳሙና ሳይገባበት ሶዳ ያደርገዋል። እንዲህ ባለ ውሃ የሚያጥብ ሰው ዱቄቱን መቀነስ እንጂ መጨመር የለበትም።

ከባቱ ወደ ደቡብ ትንሽ ወረድ ሲሉ አብያታ ሐይቅ አለ። ሶዳ አሽ ከውሃው በፀሐይ እየተነነ ሲመረት የኖረበት ነው። ወደ ሐይቁ ይገባ የነበረው ውሃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ የሶዳውም ሥራ ተጨምሮበት፣ ሐይቁ ዓይን እያየው ወደ ኋላ ሸሽቷል። የምንበትነው ዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ሶዳ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በዚያ ነጭ ዳርቻ ላይ ያለው ጨው ዓይነት ነው። ዝም ብሎ በእፍኝ የሚበተን ነገር አይደለም ማለቴ ነው።

ባቱ ስንደርስ የሙሽራው አያት፣ አዴ ብለን የምንጠራቸው፣ ልብሱን ከፌስታል አውጥተው አዩት። ፈሳሽ ሳሙናዬን አሳየኋቸው። ጠርሙሱን ወዲያ ወዲህ አገላብጠው መለሱልኝና ጓዳ ገብተው በትንሽ ከረጢት ደረቅ ፍሬ ይዘው መጡ፤ እንዶድ። «ይኼ ቀለም አይበላም ልጄ። እኛ ጥለቱን በዚህ ነው ያቆየነው» አሉኝ። እንዶድ አረፋው የሚመጣው ከራሱ ከፍሬው ነው፤ እንደ ዱቄት ሳሙና ሶዳና ማንጫ ተጨምሮበት አይደለም። የአገራችን ሴቶች ለስንት ትውልድ ሸማቸውን ያጠቡበት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ማጥፊያ መሆኑን ያረጋገጡት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተውበታል። ያ ሁሉ የተጀመረው ከልብስ እጥበት ነው። ቀንድ አውጣን የገደለ ዓሣንም ስለሚገድል እጣቢውን ሐይቅና ወንዝ ውስጥ መድፋት አይገባም፤ ዓይንንም ያቃጥላል።

አዴ ከነሐሴ ዝናብ ያጠራቀሙት ውሃ በበርሜል ነበራቸው። ፍሬው ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ አረፋው በጨርቅ ተጠለለ። ልብሱ በትልቅ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ሳይዘፈዘፍ፣ ቶሎ ቶሎ በእጅ እየተንሳፈፈ። ውሃው ሲቀላ ይደፋል፣ ሌላ ይቀዳል። እንደገና ይቀላል፣ ይደፋል። አዴ አንዴም አልጨመቁትም፤ ጥለቱና ነጩ መሐል ፎጣ አስገብተው ጠቀለሉትና በመዳፋቸው ተጫኑት። ውሃው ጥርት ማለት ሲጀምር የኔ ፈሳሽ ሳሙና በትንሹ ተጨመረ፣ ከዚያ ተለቀለቀ። መጨረሻ ላይ ልብሱን ገልብጠው ከዛፉ ጥላ ሥር በጠፍጣፋው ዘረጉት።

ጥላው ቀላል ነገር አይደለም። አዳማም ባቱም ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ናቸው፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናቸው። እዚህ ከፍታ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ጨረር ብርቱ ነው፤ ቀለም ይሰብራል። ልብስ ከደረቀም በኋላ ገመድ ላይ እስከ ማታ ከዋለ፣ ያን ቀን ከሳሙናው ይልቅ የጎዳው ፀሐዩ ነው። አዳማ ላይ የሚወይበው ትከሻው የሆነውም ለዚህ ነው፤ ገመድ ላይ ወደ ሰማይ የሚያየው እሱ ነው። ቀለምን ለመጠበቅ ከሚወጣ ወጪ ሁሉ ርካሹ ጥላ ነው።

ልብሱ ሲደርቅ የጀርባው ሮዝ አብዛኛው ሄዷል። የታተመው ምስል ጠጋ ብሎ ለሚያይ አሁንም ይታያል። እጅጌው ላይ የዛገው ጥቁር አልተመለሰም፤ ባቱ ገበያ ያለች ሰፊ አዲስ ጥቁር ጥለት ደረበችበት። እህቴ ክሩን ከመሰፋቱ በፊት አርጥባ በነጭ መሐረብ አሸችው፤ አልለቀቀም። ልጅቷ ሠርጉ ላይ ለበሰችው፤ እስከ ማታ ጨፈረች።

አሁን የምለምነው ሦስት ወገን ነው። ሳሙና የምታመርቱ፣ ሳሼው ጀርባ ላይ «ማንጫ አለው» ወይም «የለውም» ብላችሁ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፉልን፤ ገዢው የሚፈልገውን መርጦ ይውሰድ። ክር የምትሸጡና የባህል ልብስ የምትሰፉ፣ ቀዩንና ጥቁሩን ክር ነጩ ላይ ከመስፋታችሁ በፊት እጠቡት። አንባቢዬም ልብሱን ከመረከብህ በፊት ነጭ መሐረብ አርጥበህ ጥለቱን ከጀርባው እሸው፤ ቀይ ካወጣ አትቀበል።